ከቅጣቱ በኋላ የሚመጣው ሂሳብ፦ የፍጥነት ቲኬትና የቤተሰብ ኢንሹራንስ



ባለፈው ዓመት በልግ ሴሚስተር አንድ ጁሙዓ ቀን ከክፍል ዘግይቼ ወጣሁ። ኹጥባው ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል፤ መስጂዱ ደግሞ አሥር ማይል ያህል ይርቃል። 55 ተብሎ በተጻፈበት ሃይዌይ ላይ 71 እየነዳሁ ሳለ ከኋላዬ ሰማያዊ መብራት ብልጭ አለ። ፖሊሱ ጨዋ ሰው ነበር። መንጃ ፈቃዴን ተቀብሎ ወደ መኪናው ሄደ፣ ጽፎ ተመለሰ፣ አስፈረመኝና «በሰላም ሂድ» አለኝ። መስጂድ ስደርስ ኹጥባውም ሶላቱም አልቆ ሰው እየወጣ ነበር።

ማታ ክፍሌን ዘግቼ የፍርድ ቤቱን ድረ ገጽ ከፈትኩና ቅጣቱን በስልኬ ከፈልኩ። ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፦ አባቴ እንዳያውቅ። በቀጣዮቹ ቀናት ከማላውቃቸው የጠበቃ ቢሮዎች በስሜ ደብዳቤ ይመጣ ጀመር። በቨርጂኒያ የፍርድ ቤት መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ቲኬት የያዘውን ሰው ስም እያዩ ይጽፋሉ። እኔም ከፖስታ ሳጥኑ ቀድሜ እያወጣሁ ጣልኳቸው። ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ።

በእኛ ቤት አባቴ፣ እህቴና እኔ የምንነዳው በአንድ የኢንሹራንስ ውል ነው። ከወራት በኋላ ውሉ ሲታደስ ከኩባንያው ወፍራም ፖስታ መጣ። እንግሊዝኛ የበዛበት ደብዳቤ ቤታችን ሲገባ የማነበው እኔ ነኝ። አባቴ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ መነጽሩን አወለቀና «እስቲ ይህን አንብብልኝ፤ ምን ሆነን ነው የጨመሩብን?» አለኝ። ከቤቱ ሾፌሮች በአንዱ ሪከርድ ላይ በተገኘ ጥፋት ምክንያት ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ስም አለ። የራሴን ጥፋት ለአባቴ ተርጉሜ አነበብኩለት። ብዙ አልተናገረም። «ልጄ፣ ያን ቀን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ብቻ አለኝ።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ ጥያቄ ነው። ያን ቀን ነግሬው ቢሆን ኖሮ ምን ማድረግ እንችል ነበር? ኋላ ሳጠና ብዙ ነገር ማድረግ እንደምንችል ተረዳሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ነገር ግን እዚህ ቨርጂኒያ የምንማር ብዙዎቻችን በቤተሰብ ኢንሹራንስ ስለምንነዳ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ወረቀቱ ምን ይላል?

ፖሊሱ የሚሰጣችሁ ወረቀት መጥሪያ ነው። በእንግሊዝኛ «ሰመንስ» ይሉታል። መፈረም ጥፋትን ማመን አይደለም። ፊርማው ለቀጠሮው እቀርባለሁ ወይም ከዚያ በፊት ጉዳዩን በሕጉ መሠረት እጨርሳለሁ የሚል ቃል ነው። ስለዚህ በመንገድ ዳር አትከራከሩ፣ አልፈርምም አትበሉ።

ቤት ስትደርሱ ወረቀቱን በብርሃን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። አራት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ የተጻፈው ፍጥነትና የመንገዱ የፍጥነት ወሰን። ሁለተኛ፣ የሕጉ አንቀጽ ቁጥር። ሦስተኛ፣ የፍርድ ቤቱ ስምና የቀጠሮው ቀንና ሰዓት። አራተኛ፣ ሳትቀርቡ መክፈል ይቻል እንደሆነ ወይም መቅረብ ግዴታ እንደሆነ።

የአንቀጹን ቁጥር አደራ በደንብ እዩ። 46.2-862 የሚል ከሆነ ጉዳያችሁ ተራ የፍጥነት ቲኬት አይደለም። ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ከዚያም በዚያው ማታ፣ ሳትረሱት፣ የሆነውን በማስታወሻ ጻፉ። መንገዱ እንዴት ነበር? ዝናብ ነበር ወይ? መኪና በዝቶ ነበር ወይ? የፍጥነት ምልክቱ የት ቆሟል? ፖሊሱ ምን ጠየቀ፣ እናንተስ ምን መለሳችሁ? ቀጠሮው ብዙውን ጊዜ ከሳምንታት በኋላ ስለሚሆን ያኔ ትዝ አይላችሁም።

መክፈል ማለት ማመን ነው

የኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነበር። ቅጣቱን ቀድሞ መክፈል የስልክ ሂሳብ እንደ መክፈል ይመስላል፤ ግን አይደለም። ከቀጠሮው በፊት በድረ ገጽ ወይም በፖስታ ስትከፍሉ የመከራከር መብታችሁን ትታችሁ ጥፋተኛ ነኝ ብላችኋል ማለት ነው። ውሳኔው ከፍርድ ቤቱ ወደ ዲኤምቪ ይተላለፋል፤ ዲኤምቪም በመንጃ ፈቃድ ሪከርዳችሁ ላይ ይጽፈዋል።

በቨርጂኒያ ለተራ የፍጥነት ጥፋት ቅጣቱ በመደበኛው ከ250 ዶላር አይበልጥም፤ የፍርድ ቤት ወጪ ይጨመርበታል። ለተማሪ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሆኖም አንዴ ተከፍሎ ያልቃል። በሪከርዱ ላይ የተጻፈው ግን ይቆያል፤ በየእድሳቱም ሂሳብ ያስከፍላል።

ምሳሌ ላስላላችሁ። የኢንሹራንስ ክፍያችሁ በቲኬቱ ምክንያት በወር 40 ዶላር ጨመረ እንበል፤ ጭማሪውም ለሦስት ዓመት ቆየ። 40 በ36 ወር ሲባዛ 1,440 ዶላር ይሆናል። ይህ ለማስረዳት ያመጣሁት ቁጥር ነው፤ የእናንተ ያነሰ ወይም የበለጠ ሊሆን ይችላል። ነጥቡ ግን ያው ነው፦ እኔ በስልኬ የከፈልኩት የመጀመሪያውን፣ ትንሹን ሂሳብ ነበር።

የዲኤምቪ ነጥብ እና የኢንሹራንስ ሂሳብ ይለያያሉ

ብዙዎቻችን እነዚህን ሁለቱን እናምታታለን።

የመጀመሪያው የዲኤምቪ የቅጣት ነጥብ ነው። በቨርጂኒያ ከወሰኑ በላይ ከ1 እስከ 9 ማይል የነዳ 3 ነጥብ፣ ከ10 እስከ 19 ማይል የነዳ 4 ነጥብ፣ 20 ማይልና ከዚያ በላይ የነዳ 6 ነጥብ ይያዝበታል። ነጥቡ ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ለሁለት ዓመት ይቆጠራል። ጥፋቱ ራሱ ግን በሪከርዱ ላይ ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ለተራ የፍጥነት ጥፋት አምስት ዓመት ነው። ዕድሜው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በ12 ወር ውስጥ 12 ነጥብ ወይም በ24 ወር ውስጥ 18 ነጥብ ከሞላበት ዲኤምቪ ትምህርት እንዲወስድ ያዝዘዋል። በ12 ወር 18 ወይም በ24 ወር 24 ከሞላ መንጃ ፈቃዱ ለ90 ቀን ይታገዳል።

ደስ የሚለው ነገር ነጥቡ በሌላው አቅጣጫም ይሠራል። ዓመቱን ሙሉ ያለ ጥፋትና ያለ እገዳ የነዳ ሰው አንድ የመልካም አነዳድ ነጥብ ያገኛል፤ እስከ 5 ነጥብ ድረስ ማጠራቀም ይቻላል።

ሁለተኛው የኢንሹራንሱ የራሱ ሂሳብ ነው። ኩባንያው የዲኤምቪን ነጥብ ቆጥሮ አይደለም ዋጋ የሚያወጣው። ሪከርዳችሁን አስመጥቶ የተፈረደባችሁን ጥፋት ያያል፤ ከዚያም በራሱ ሠንጠረዥ ያሰላል። ዕድሜ፣ የመኪናው ዓይነት፣ የምትኖሩበት ሰፈር፣ ቀድሞ የደረሰ አደጋ፣ ሁሉም ይገባበታል። ስለዚህ «ነጥቤ በመልካም ነጥብ ተጣፍቷል፣ ኢንሹራንሴም አይነካም» ብላችሁ አትዘናጉ። የዲኤምቪው ሚዛን ዜሮ ሆኖም ኢንሹራንሱ ሊጨምር ይችላል።

ኢንሹራንሱ የሚያውቀው መቼ ነው?

ፖሊሱ ባስቆማችሁ ቀን ማንም ለኢንሹራንሱ አይደውልም። ኩባንያው ሪከርዱን የሚያየው ብዙውን ጊዜ ውሉ ሲታደስ ነው፤ ይኸውም በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ። አዲስ ሰው ወደ ውሉ ሲገባ ወይም ኩባንያ ስትቀይሩም ያያል። እኔም «ሦስት ወር አለፈ፣ ምንም አልመጣም» ብዬ የተረጋጋሁት በዚህ ምክንያት ነበር።

ብዙ ኩባንያዎች ያለፉትን ሦስት ዓመታት ያያሉ፤ አንዳንዶቹ እስከ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ጭማሪው ደግሞ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው በቀጥታ ዋጋው ላይ የሚጨመረው ነው። ሁለተኛው ያለ ጥፋት ለሚነዱ የሚሰጠው ቅናሽ መነሳቱ ነው። የቤተሰብ ውል ላይ ከሆናችሁ ይህ ቅናሽ ሲነሳ ሂሳቡ የሚወድቀው ሃያ ዓመት ያለ ቲኬት የነዳው አባታችሁ ወይም እናታችሁ ኪስ ላይ ነው። እኔን ያሳፈረኝም ይኸው ነው።

ኢንሹራንሱን ትቶ መንዳትም መፍትሔ አይደለም። በቨርጂኒያ ከዚህ ቀደም ክፍያ ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት የሚፈቅድ አሠራር ነበር፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጀምሮ ቀርቷል። ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ዝቅተኛው ሽፋን ከፍ ብሎ ለአንድ ሰው ጉዳት 50,000፣ በአንድ አደጋ ለሚጎዱ ሰዎች በጠቅላላ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ሆኗል።

ከቀጠሮው በፊት ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው ሥራ ለቤተሰብ መንገር ነው። ውሉ በአባታችሁ ወይም በእናታችሁ ስም ከሆነ ጉዳዩ የእነርሱም ነው። ቀድመው ካወቁ ዋጋ ለማነጻጸርም፣ ለመምከርም፣ ዱዓ ለማድረግም ጊዜ ያገኛሉ።

ሁለተኛው ሪከርዳችሁን ከዲኤምቪ ማውጣት ነው። በድረ ገጹ በትንሽ ክፍያ ይገኛል። ንጹሕ ሪከርድ በዳኛ ፊት ትልቅ ነገር ነው፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ቅረቡ።

ሦስተኛው ትምህርቱን መውሰድ ነው። «ድራይቨር ኢምፕሩቭመንት ክሊኒክ» ይባላል፣ ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ማንም ሳያዝዛችሁ በራሳችሁ ከወሰዳችሁት 5 የመልካም አነዳድ ነጥብ ያስገኛል፤ ይህን ነጥብ በሁለት ዓመት አንዴ ነው ማግኘት የሚቻለው። ሆኖም ቀጠሮ ላላችሁ ሰዎች ዋናው ጥቅም ሌላ ነው። አንዳንድ ዳኞች ትምህርቱን ለወሰደ ወይም እወስዳለሁ ላለ ሰው ጥፋቱን ዝቅ ያደርጉለታል ወይም በቅጣቱ ምትክ ይቀበሉታል። ይህ የዳኛው ፈቃድ ነው እንጂ መብት አይደለም። እንዲሁም ትምህርቱን ቀድሞ መውሰድ እና ፍርድ ቤቱ እስኪያዝዝ መጠበቅ በነጥቡ ላይ ልዩነት ስላለው፣ ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ወይም ለጠበቃ ደውላችሁ ጠይቁ።

አራተኛው የመኪናውን የፍጥነት መለኪያ ማስመርመር ነው። አሮጌ መኪና የምንነዳ ብዙ ነን። የጎማ መጠን ከተቀየረ ወይም መለኪያው ከተበላሸ 62 እያሳየ 67 ልትነዱ ትችላላችሁ። የቨርጂኒያ ሕግ ፍርድ ቤት የመለኪያ ምርመራ ወረቀትን እንዲቀበል ይፈቅዳል። ምርመራውን የሚሠሩ ጋራዦች አሉ። መለኪያው አሳንሶ የሚያሳይ ሆኖ ከተገኘ ወረቀቱ ይረዳችኋል፤ ደህና ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ አትፍጠሩ።

አምስተኛው እርዳታ መጠየቅ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ የሕግ ምክር በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ይሰጣሉ፤ የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮን ጠይቁ። እንግሊዝኛ የሚከብደው ወላጅ ወይም አዲስ የመጣ ተማሪ ቲኬት ከያዘ ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ይመድባል፤ ጥያቄውን ግን አስቀድሞ ማቅረብ ይገባል። በዚህ አካባቢ አማርኛ እንግዳ ቋንቋ አይደለም።

በዳኛው ፊት

ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ውስጥ የሚጠበቀው ረጅም ችሎት አይደለም። ስማችሁ ይጠራል፣ ትቆማላችሁ፣ ትጠየቃላችሁ፤ ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ቀድማችሁ ድረሱ፣ በአግባቡ ልበሱ፣ ስልካችሁን በተመለከተ የፍርድ ቤቱን ደንብ አስቀድማችሁ እዩ።

ሦስት ዓይነት መልስ አለ፦ ጥፋተኛ ነኝ፣ ጥፋተኛ አይደለሁም፣ ወይም ክሱን አልከራከርም። በጀማዓችን ውስጥ ይህን ያነሳሁላቸው ወንድሞች ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ «መፍጠኔን እያወቅኩ ጥፋተኛ አይደለሁም ብል ውሸት አይሆንም ወይ?»

የሕጉን በኩል ልንገራችሁ። በዚህ አገር ሕግ «ጥፋተኛ አይደለሁም» ማለት መሐላ አይደለም። ከሳሹ ማስረጃውን ያቅርብ ማለት ነው። ፖሊሱ እንዴት እንደለካ ይናገራል፤ ራዳሩ ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ መመርመሩን የሚያሳይ ወረቀት አለው ወይ ተብሎ መጠየቅ ይቻላል። እናንተ ለመመስከር ካልፈለጋችሁ አትገደዱም። ቃል ገብታችሁ መመስከር ከጀመራችሁ ግን እውነቱን ብቻ መናገር ግዴታችሁ ነው፤ በሕጉም በዲናችንም። የሸሪዓውን በኩል ኡስታዞቻችንን ጠይቁ፤ ያ የእኔ ቦታ አይደለም።

ልባችሁ ያልተቀበለውን ነገር እንድታደርጉ ግን የሚያስገድድ የለም። ጥፋተኛ ነኝ ብሎም ማብራሪያ መስጠት ይቻላል። «ክቡር ዳኛ፣ ፈጥኛለሁ፣ ጥፋቴ ነው። ይህ የመጀመሪያዬ ነው፣ ሪከርዴ ይኸው፣ ትምህርቱንም ወስጃለሁ።» ብሎ አጭር እውነት የተናገረ ሰው ዝም ብሎ በስልኩ ከከፈለው ሰው የተሻለ ዕድል አለው። ዳኛው ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ሊጽፈው ይችላል፤ ከ4 ነጥብ ወደ 3 መውረድ ለኢንሹራንሱም ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። ሊያሰናብታችሁም ይችላል። የተጻፈውን እንዳለ ሊያጸድቅም ይችላል። ብቻ ቀርባችሁ ተናግራችኋል።

አለመቅረብ ከሁሉ የከፋ ነው። ባልቀረባችሁበት ሊፈረድባችሁ ይችላል።

ፍርዱ ካልተስማማችሁ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ሰርኪዩት ኮርት ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ጉዳዩ እንደ አዲስ ይታያል። ጥፋተኛ ነኝ ያለ ሰውም ይህ መብት አለው። በቂ ምክንያት ያለው ሰው ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ መዝገቡ እንዲከፈት ማመልከት ይችላል። እኔ ይህን ያወቅኩት ሁለቱም ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር።

20 ማይል ሲሞላ

አሁን ወደ 46.2-862 እንመለስ። በቨርጂኒያ ከወሰኑ 20 ማይልና ከዚያ በላይ መንዳት፣ ወይም ወሰኑ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ መንዳት «ሬክለስ ድራይቪንግ» ነው። ይህ ተራ የትራፊክ ጥፋት አይደለም፤ ወንጀል ነው። ክላስ 1 ሚስዲሚነር ይባላል፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት፣ በተጨማሪም የመንጃ ፈቃድ እገዳ ሊያስከትል ይችላል። በመንጃ ሪከርድ ላይ 11 ዓመት ይቆያል። ከሌላ ስቴት የመጡ ብዙ ተማሪዎች ይህን አያውቁም፤ በራሳቸው ስቴት ተራ ቲኬት የሚሆነው እዚህ የወንጀል መዝገብ ይሆናል።

የያዛችሁት ይህን ከሆነ ሳይቀርቡ መክፈል የለም፤ መቅረብ ግዴታ ነው። ጠበቃ ሳታማክሩ ግን ለብቻችሁ አትቅረቡ። በነርስነት፣ በመምህርነት ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመሥራት የምታስቡ፣ የሥራ ማመልከቻው የወንጀል ፍርድ ካለባችሁ ይጠይቃል። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ወይም የመኖሪያ ፈቃድና ዜግነት የምትጠብቁ ደግሞ ምንም መልስ ከመስጠታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃም ጠይቁ።

ስለ ካሜራና ስለ ጎረቤት ስቴት

በትምህርት ቤትና በመንገድ ሥራ አካባቢ የቆሙት የቨርጂኒያ የፍጥነት ካሜራዎች የሚልኩት ቅጣት ከፖሊስ ቲኬት ይለያል። እስከ 100 ዶላር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ቅጣት ነው፤ በመንጃ ሪከርድ ላይ አይጻፍም፣ ለኢንሹራንስ ዋጋም አይውልም። ይህን የካሜራ ቅጣት ከፍሎ መገላገል ይቻላል። የኔ ዓይነቱን ግን አይደለም።

ድልድዩን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ውስጥ ከተያዛችሁ ደግሞ አሠራሩ ሌላ ነው። በ30 ቀን ውስጥ ከሦስት አንዱን መምረጥ አለባችሁ፦ መክፈል፣ ጥፋቱን አምኖ ማብራሪያ ለመስጠት ቀጠሮ መጠየቅ፣ ወይም ሙሉ ችሎት መጠየቅ። የሜሪላንድ ዳኛ «ፕሮቤሽን ቢፎር ጀጅመንት» የሚባል ውሳኔ ሊሰጥ ይችላል፤ የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ላለው ሰው ይህ ያለ ነጥብ ማለፍ ማለት ነው። «ሌላ ስቴት ስለሆነ አይደርስብኝም» ግን አትበሉ። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም መረጃ ይለዋወጣሉ፤ እዚያ የተፈረደባችሁ እዚህ ሪከርዳችሁ ላይ ይመጣል።

ሂሳቡ ከጨመረ በኋላ

አንዳንዶቻችሁ ይህን የምታነቡት እንደ እኔ ካለፈ በኋላ ይሆናል። አሁንም የሚሠራ ነገር አለ።

ለኢንሹራንሱ ወኪል ደውላችሁ ምን ምን ቅናሽ እንዳለ በስም ጠይቁ። ብዙ ኩባንያዎች የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆኖ አማካይ ውጤቱ ቢ እና ከዚያ በላይ ለሆነ ወጣት ቅናሽ አላቸው፤ የውጤት ወረቀት ይጠይቃሉ። መኪና ሳይዝ ከቤቱ ርቆ ዶርም የሚኖር ተማሪም ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ርቀቱ 100 ማይል ነው። ከዚያ ከሌሎች ኩባንያዎች ዋጋ ጠይቁ፤ አንዱ ኩባንያ አንድን ቲኬት እንደ ሌላው አይቆጥረውም። አዲሱ ውል ሳይጀምር ግን አሮጌውን አታቋርጡ፤ ክፍተት ራሱ ዋጋ ያስጨምራል። ጥፋቱ ሦስት ዓመት የሚሞላበትን ቀን መዝግባችሁ ያኔ ዋጋው እንደገና እንዲታይ ጠይቁ።

በጓደኞች መካከል የሚሰማ ሌላ ምክርም አለ፦ «የወንድምህን ስም አታስገባ»፣ «ኢንሹራንስ ርካሽ በሆነበት ሰፈር ያለውን የአጎትህን አድራሻ ጻፍ»፣ «ምግብ እንደምታመላልስ አትንገራቸው»። ይህ ማታለል ነው። ውል አማና ነው። በዱንያውም ቢሆን አያዋጣም፤ አደጋ የደረሰ ቀን ኩባንያው ይመረምራል፣ የተደበቀ ነገር ካገኘ አልከፍልም ሊል ይችላል። ያኔ ሁለት ሺህ ሳይሆን የሰው ሕክምና ወጪ በቤተሰባችሁ ላይ ይወድቃል።

ሦስት ደቂቃ

በመጨረሻ አንድ ቀላል ሂሳብ ልተውላችሁ። አሥር ማይል መንገድ በ55 ሲነዳ 11 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በ75 ሲነዳ 8 ደቂቃ ይፈጃል። የሚተርፈው ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ለዚያ ሦስት ደቂቃ ደግሞ በቨርጂኒያ 20 ማይል ተሻግራችሁ ወንጀል ውስጥ ገብታችኋል። ገንዘቡም ሕጉም ይቅር፤ በዚያ ፍጥነት ከፊት ለፊት የቆመ መኪና ወይም የሚሻገር ሕፃን ቢያጋጥም የሚመለስ ነገር የለም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ሶላት ስንመጣ ሳንሮጥ፣ በእርጋታ እንድንመጣ አስተምረውናል። ይህ የተነገረው በእግር ለሚመጣ ሰው ከሆነ መሪ ለጨበጠማ እንዴት አይሆንም? ረመዷን ሲመጣ ለኢፍጧር የምንሽቀዳደምበትን መንገድም አስቡት። ቴምርና ውሃ መኪናችሁ ውስጥ ይኑር፤ አዛን መንገድ ላይ ቢደርስባችሁ እዚያው አፍጥራችሁ በእርጋታ ትቀጥላላችሁ።

እኔ አሁን ጁሙዓ ቀን ከክፍል በኋላ ወደ ሩቁ መስጂድ አልሄድም። ግቢያችን ውስጥ ካለው ጀማዓ ጋር እሰግዳለሁ። ከኢንሹራንሱ ጭማሪ የድርሻዬን በየወሩ ለአባቴ እሰጠዋለሁ። መጀመሪያ አልቀበልም ብሎኝ ነበር፤ «እሺ፣ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ» ብሎ ተቀበለኝ። ባለፈው ወር እህቴ ፌርፋክስ አካባቢ ቲኬት ያዘች። ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ «አባ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው። ወረቀቱን ሦስታችንም ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን አነበብነው። ቀጠሮዋ በሚቀጥለው ወር ነው፤ ትምህርቱን ጨርሳለች፣ ሪከርዷም ታትሞ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። ዳኛው ምን እንደሚል አላህ ያውቃል። በዱዓችሁ አትርሷት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።